የአንዲት ሯጭ ተረከዝ፦ ከደብረ ማርቆስ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ተረከዛቸውን ታመው የሚመጡ ሯጮች በጎጃም ከተሞች ብዙ ናቸው። የዚህችን ወጣት ታሪክ ለይቼ የምጽፈው ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ያልሞከረችው ነገር ስላልነበረ ነው። ታሽታለች፣ ተወግታለች፣ ራጅ ተነስታለች፣ ተኝታ አርፋለች። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ረድቷታል። ሩጫ በጀመረች ቁጥር ግን ሕመሙ ይመለስባታል። በመጨረሻ የረዳት ሕክምና ብዙ ብር አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ወራት የሚወስድ ትዕግሥት ነው። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ክትትሉን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ታሪኳ እንዲጻፍ ፈቅዳለች። ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮችን አውጥቻለሁ።

ታካሚዋ

ሃያዎቹን የጀመረች ልጅ ናት። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአንድ የሯጮች ቡድን ጋር ትሠለጥናለች። የምትወዳደረው በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ነው። ከሩጫ የምታገኘው ገቢ ስለሌላት ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤት ውስጥ ታስተናግዳለች። እስከ ምሽት ቆማ ነው የምትውለው፤ የምታደርገውም ስስ ነጠላ ጫማ ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ለሯጭ ይስማማል። በበጋ ቡድኑ የሚሮጠው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መስክ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ መስኩ ይጨቀያል፣ ጫማ ይይዛል፣ ያንሸራትታል። ስለዚህ ከሐምሌ ጀምሮ ሁሉም ወደ አስፋልት ይወጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ስለሚሄድ፣ መኪና ሳይበዛ ማለዳ ወደ አማኑኤል አቅጣጫ ይሮጣሉ።

ሕመሙ እንዴት ጀመረ

በዚያ ክረምት ቡድኑ በኅዳር አዲስ አበባ ለሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እየተዘጋጀ ነበር። የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ውድድር ነው፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይካሄዳል። ስለዚህ ልምምዱ ጠበቀ። በሳምንት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጥ የነበረችው ልጅ በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ 90 ተጠጋች። ያውም ከሣር ወደ አስፋልት በወጣችበት ወቅት። ጫማዋ አንዲት ታላቅ አትሌት የሰጠቻት ነው። ላዩ ደህና ነው፤ የሶሉ ስፖንጅ ግን ተረከዙ ላይ ተጨፍልቆ አልቋል።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ መጣ። ጎጃም ውስጥ ፍልሰታን ማስቀደስ ለብዙ ወጣት ትልቅ ነገር ነው። ልጅቷ ለሁለት ሳምንት ያህል ዕለት ዕለት አስቀድሳለች። ጠዋት ትሮጣለች። ከቀትር ጀምሮ ጫማዋን አውልቃ ቅዳሴ ትቆማለች። ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ወደ ምግብ ቤቱ ትሄዳለች። እግሯ የሚያርፍበት ሰዓት ሌሊቱ ብቻ ነበር። መጀመሪያ ታሪኳን ስትነግረኝ ይህን አላነሳችውም። ያወራችልኝ ስለ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቀኗን ከማለዳ እስከ ማታ አንድ በአንድ እንድትተርክልኝ ስጠይቃት ነው የወጣው።

ሕመሙ የጀመረው በፍልሰታ ማብቂያ ላይ ነው፤ የቀኝ ተረከዟ ሥር፣ ወደ ውስጥ በኩል። «ከአልጋ ስወርድ መርገጥ ያቅተኛል። ትንሽ ከሄድኩ ይለቀኛል» አለችኝ። ሩጫ ስትጀምር ያማታል፣ ሲሞቃት ይጠፋል፣ ከጨረሰች በኋላ ቁጭ ብላ ስትነሳ ደግሞ ይብሳል። መስከረም ላይ ሲሞቃትም የማይጠፋ ሆነ።

ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት

መጀመሪያ የሄደችው ወጌሻ ዘንድ ነው። ብርድ ገብቶባታል ተብሎ ተረከዟ በኃይል ታሸ። ለሁለት ቀን ቀለል አላት፤ በሦስተኛው ቀን ባሰባት። ወጌሻን ልነቅፍ አይደለም። ለውልቃትና ለወለምታ ስንቱን እንደረዱ አውቃለሁ። ይህ ግን ያለ አቅሙ ሥራ የበዛበት ጅማት ነው። ገና ትኩስ ሕመም ያለበትን ቦታ በኃይል መጫን ብዙ ጊዜ ይጎዳዋል።

ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝታ ዋጠች። ሕመሙን አደነዘዘላት። እሷም ስለደነዘዘላት ሮጠች።

ከዚያ አንድ ክሊኒክ ራጅ አነሳት። «ተረከዝሽ ላይ ትርፍ አጥንት በቅሏል» ተባለች። ይህ ቃል ከሕመሙ በላይ አስፈራት። እዚያው ተረከዟ ላይ ብግነት የሚያበርድ የስቴሮይድ መርፌ ተወጋች። ለሦስት ሳምንት ያህል ምንም ሳያማት ሮጠች፤ ከዚያ ሕመሙ እንዳለ ተመለሰ። ስቴሮይድ በዚህ ሕመም ላይ የሚሰጠው እፎይታ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወር ብዙም አያልፍም። በተደጋጋሚ ሲወጋ የተረከዙን የስብ ትራስ ሊያሳሳ፣ ጅማቱንም ለመበጠስ ሊያጋልጥ ይችላል። ለሁለተኛ መርፌ ቀጠሮ ነበራት። አልሄደችም።

የመጨረሻው ሙከራ ዕረፍት ነበር። ጨርሳ አቆመች። ሕመሙ ቀነሰ፤ ዳነች ተባለ። ከዕረፍቱ በተነሳች በመጀመሪያው ቀን ከቡድኑ ጋር 12 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ሮጠች። በማግስቱ ጠዋት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጥቅምት ውስጥ አሰልጣኟ ይዟት መጣ።

ምርመራው

ይህ ሕመም በአብዛኛው የሚለየው በመስማትና በእጅ በመንካት ነው። ተረከዟ ሥር፣ በውስጥ በኩል፣ አንድ ነጥብ ላይ ስጫን እግሯን ነጠቀችኝ። ቆማ ሳለች አውራ ጣቷን ወደ ላይ ስገፋው ያው ሕመም መጣ። ሁለቱም የሚያመለክቱት ፕላንታር ፋሺያን ነው። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ፣ የውስጥ እግርን ቅስት የሚይዝ ጠንካራ ጅማት መሰል ሽፋን ነው። አሁን ቁጭ ብለው አውራ ጣትዎን በእጅዎ ወደ ላይ ቢስቡት፣ ውስጥ እግርዎ ላይ ሲወጠር በሌላው እጅ ጣት ያገኙታል። በእያንዳንዱ እርምጃ ተረከዝ ሲነሳና ጣት ሲታጠፍ ይህ ሽፋን ይወጠራል። ሯጭ በአንድ ልምምድ ላይ ይህን በሺዎች ጊዜ ያደርገዋል። ሌሊት እግር ሲያርፍ ሽፋኑ ይኮማተራል። የጠዋቷ የመጀመሪያ እርምጃ በድንገት ስለምትወጥረው ነው የምታምመው።

የተረከዝ ሕመም ሁሉ ይህ ነው ማለት ግን አይደለም። በእሷ ዕድሜና በዚያ የልምምድ ብዛት በጣም ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር፦ ስትረስ ፍራክቸር፣ ማለትም በተደጋጋሚ ጫና የተረከዝ አጥንት ላይ የሚፈጠር ስንጥቅ። ተረከዟን ከግራና ከቀኝ በሁለት እጄ መዳፍ ጨመቅኩት። አላመማትም። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም የላትም። ሲሞቃት ይሻላት እንደነበር ተናግራለች፤ የአጥንት ስንጥቅ ግን ሲሮጡበት እየባሰ ነው የሚሄድ። ራጁ ስብራት አለማሳየቱ ብቻውን አያረጋጋም፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል።

ስለ ምግቧና ስለ ወር አበባዋም ጠየቅኳት። ለእኛ አገር ሴት ልጅ ይህን መጠየቅ ቀላል አይደለም፤ ለምን እንደምጠይቅ አስቀድሜ ነገርኳት። የምትበላው ከምታቃጥለው የሚያንስባት ሯጭ የወር አበባዋ ሊዛባ፣ አጥንቷም ሊሳሳ ይችላል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ይህን ጉዳይ በሰፊው አንስቶታል። እሷ በፍልሰታ ትንሽ ከስታለች፤ የወር አበባዋ ግን አልተዛባም። መጠየቁ ጾምን ለመቃወም አይደለም። ጾምና ከባድ ልምምድ ሲገጥሙ፣ ጾሙ የሚፈታበት ሰዓት ላይ ሽሮውም ምስሩም ባቄላውም በርከት ብሎ መበላት አለበት።

መደንዘዝና መንዘር የላትም፤ ስለዚህ የነርቭ መታፈን አይመስልም። ከኋላ ያለው የተረከዝ ጅማት ደህና ነው። ሁለቱም ተረከዝ አብሮ የሚያማት፣ ጠዋት ወገቧ ለረጅም ሰዓት የሚደርቅ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የመገጣጠሚያ ብግነት እንድትመረመር እልካት ነበር።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ተገኙ። ቀኝ ባቷ ደርቋል፤ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ፊት የሚታጠፈው ከግራው በጣም ያነሰ ነው። በአንድ እግር ቆማ ተረከዟን ከፍ ዝቅ ስታደርግ በግራ 24 ጊዜ ሠራች፤ በቀኝ 11 ላይ ደከመች። በእኔ ግምት ዋናው ግኝት ይህ ነበር። ሁለት ወር ያህል ሁሉም ሰው ሕመሙን ሲያስታግስ፣ እግሩ እየደከመ ነበር የቆየው።

ያደረግነው

መጀመሪያ ስለ ትርፍ አጥንቱ መነጋገር ነበረብን። «አጥንቱ እስካለ ድረስ እንዴት ይድናል ዶክተር?» አለችኝ። እንዲህ ያለ አጥንት ምንም ሕመም በሌላቸው ብዙ ሰዎች ራጅ ላይ እንደሚታይ፣ ሕመማቸው የለቀቃቸው ሰዎችም አጥንቱ እንዳለ እንደሚኖሩ ነገርኳት። ግራ እግሯንም ራጅ ብናነሳው ሊገኝ ይችላል አልኳት። ፊቷ ፈታ አለ። ታካሚ ሰውነቱ ተሰብሯል ብሎ ካመነ የሚሰጠውን መልመጃ ፈርቶ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ለዚህ ንግግር ጊዜ መስጠት ተገቢ ነው።

ቀጥሎ ከአሰልጣኙ ጋር ተቀመጥን። እሱ የሚያውቀው ሁለት አማራጭ ነው፦ መሮጥ ወይም ማቆም። እኔ የጠየቅኩት መካከለኛውን ነው። አስፋልት፣ ዳገትና ኢንተርቫል (ፈጣን ሩጫን ከዕረፍት ጋር እያፈራረቁ መሮጥ) ለጊዜው ይቅር። ቀለል ያለ ሩጫ ሣር ላይ፣ ቀን እየዘለለች፣ በአጭሩ ትሩጥ። በመካከሉ ባሉት ቀናት ሳይክል ትንዳ። የኅዳሩ ውድድር እንደማይደርስ በግልጽ ተነገረ። ይህን መስማት ለሁለቱም ከባድ ነበር። ግን ቀን ባንቆርጥ ኖሮ በየሳምንቱ ይደርስ ይሆን እያሉ እግሩን ይሞክሩት ነበር።

ምን ያህል ሕመም ይፈቀዳል ለሚለው አንድ ደንብ አወጣን። ሕመሙ ከ0 እስከ 10 በቁጥር ሲለካ፣ እስከ 3 የሚደርስ ሕመም ሲሮጡ ቢሰማ ችግር የለውም። ወሳኙ የማግስቱ ጠዋት ነው። የጠዋቷ የመጀመሪያ እርምጃ ከትናንትናዋ ካልባሰች፣ የትናንቱ ልምምድ ልክ ነበር። ከባሰች በዝቷል፤ ይቀነስ። እሷም በየጠዋቱ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ትጽፍ ጀመር።

የሕክምናው እምብርት አንድ መልመጃ ነው። የዴንማርክ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. በ48 ታካሚዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ ይህን የሠሩት ሰዎች በሦስተኛው ወር ላይ ማሳሳብ ከሠሩት በግልጽ ተሽሏቸው ነበር። በዓመቱ ላይ ሁለቱም ቡድኖች ተቀራርበዋል። ለሯጭ ግን ቶሎ መሻሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎጣ ይጠቀለልና ደረጃ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። ጣቶች ወደ ላይ እንዲታጠፉ ፎጣው ላይ ያርፋሉ፤ ተረከዝ ከደረጃው ውጪ ይሆናል። በአንድ እግር ቀስ ብሎ በሦስት ሰከንድ መውጣት፣ ላይ ሁለት ሰከንድ መቆየት፣ በሦስት ሰከንድ መውረድ። የጀመረችው በአንድ ዙር ቢበዛ 12 ጊዜ ብቻ መሥራት በምትችልበት ክብደት ነው። ቀን እየዘለለች ነው የምትሠራው፤ ጅማት በመካከሉ ማረፍ አለበት። እሷ የቤቷ ደጃፍ ላይ ባለ ደረጃ ትሠራው ነበር። የራሷ ክብደት ሲቀላት በጀርባ ቦርሳዋ 5 ኪሎ ጤፍ ያዘች፤ ከዚያ 8፣ ከዚያ 10። ጂም አላስፈለጋትም።

ከሱ ጋር ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ እግሯን ሌላው ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጣቶቿን በእጇ ወደ ላይ እየሳበች 10 ሰከንድ ትይዛለች፤ 10 ጊዜ። የባት ማሳሳብም ነበረ።

የቀረው የቀኗ ጉዳይ ነው። የመሮጫ ጫማው ተቀየረ፤ ከሰልባጅ ተራ ጥንቅቅ ተደርጎ የተመረጠ፣ ስፖንጁ ያልሞተ ጫማ ተገኘ። ለምግብ ቤቱ ነጠላ ጫማዋን ትታ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አደረገች፤ አንድ ጫማ ሰፊ ለተረከዟ ለስላሳ ስፖንጅ ቆርጦ አስገባላት። ቅዳሴን በተመለከተ ሐኪም ቤት ውስጥ የሚወሰን ነገር የለም። ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገረች። ለታመመ መቀመጥ እንደሚፈቀድ ነገሯት። ጫማ እንደወለቀ ሆኖ ወፍራም ምንጣፍ ያለበት ቦታ መረጠች፣ በየመካከሉም ተቀመጠች።

ያልረዳው

በረዶ የሆነ ውኃ የያዘ የሃይላንድ ጠርሙስ በውስጥ እግሯ ሥር ታንከባልል ነበር። ደስ ይላታል፤ ለውጥ ግን አላመጣም። የምትወደው ነገር ስለሆነ ግን አልከለከልኳትም። ውስጥ እግሯን በፕላስተር መደገፍ በመጀመሪያው ሳምንት ረድቷል። ከዚያ ላብ እያላቀቀው፣ ቆዳዋንም እያሳከካት ተውነው።

መልመጃው ራሱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ምንም የሠራ አይመስልም ነበር። የደብተሯ ቁጥር 6 እና 7 ላይ ተቸነከረ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። እሷን ያስቀጠላት ሌላው ቁጥር ነው፤ በቀኝ እግሯ የምትሠራው ከ11 ወደ 16 ወጥቶ ነበር። ሕመሙ ሳይቀንስ ጉልበቱ ጨመረ። ሁለቱን ለየብቻ መመዝገብ ጥቅሙ ይህ ነው።

የተመለሰው ሕመም

በስድስተኛው ሳምንት ላይ የጠዋቱ ሕመም ወደ 2 ወርዶ ነበር። በዚያው ሰሞን ጓደኞቿ ለውድድሩ የመጨረሻውን ኢንተርቫል ሲሠሩ አየቻቸው፤ አልቻለችም፣ ገባች። አስፋልት ላይ፣ በሙሉ ፍጥነት። በማግስቱ ቁጥሩ 7 ሆነ። «ሁሉም ነገር ወደ ዜሮ ተመለሰ» ብላ ደወለችልኝ።

አልተመለሰም። የእግሯን ጉልበት ለካነው፤ እንዳለ ነው። ሩጫውን ለአራት ቀን አቆምን፣ መልመጃውን ክብደት ቀንሰን ቀጠልን። በሳምንቱ ቁጥሩ ወደ 3 ወረደ። ክረምት ላይ ተመሳሳይ ሕመም ወር ሙሉ ይዟት ነበር። ያኔ እግሩ ደካማ ነበር፤ አሁን አይደለም። ያን ካየች በኋላ ነው ዕቅዱን በሙሉ ልቧ ያመነችው።

ውጤቱ

ከጥር ጀምሮ ሩጫ ጨመርን፤ መጀመሪያ ርቀቱን፣ ቀጥሎ አስፋልቱን፣ ፍጥነቱን በመጨረሻ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት አንጨምርም። የካቲት ማብቂያ ላይ በሳምንት 60 ኪሎ ሜትር ደረሰች። መጋቢት ላይ ጾሙ ሁዳዴ ቢሆንም ከቡድኑ ጋር ሙሉ ልምምድ ጀመረች፤ ሚያዝያ ላይ ተወዳደረች። ሕመሙ ጨርሶ ጠፋ ለማለት አልደፍርም። ከረጅም ሩጫ በማግስቱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ መድረቅ ይሰማታል። መልመጃውን በሳምንት ሁለት ጊዜ እስከ አሁን ትሠራለች።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

የተረከዝ ሕመም ያለበት ሯጭ ሲመጣ «ስንት ኪሎ ሜትር ትሮጣለህ?» ብሎ ማቆም አይበቃም። ከመታመሙ በፊት ባለው ወር ምን ተቀየረ? መሬቱ፣ ጫማው፣ ሥራው፣ ጾሙ፣ ቤት መቀየሩ፣ ሁሉም ይቆጠራል። እግር የሩጫን ጫናና የሥራን ጫና ለይቶ አያውቅም። የዚህች ልጅ ሩጫ ብቻውን፣ ቅዳሴው ብቻውን፣ ሥራው ብቻውን ባላሳመማት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ፍጹም ዕረፍት ሕመሙን ይቀንሳል፣ እግሩን ግን ያደክማል። ከዕረፍት ወደ 12 ኪሎ ሜትር የሚያሻግር ድልድይ ያስፈልጋል። አሰልጣኙ አሁን ክረምት ሲመጣ ቡድኑን በአንድ ጊዜ ወደ አስፋልት አያወጣም። በሳምንት አንድ ቀን ይጀምርና ቀስ እያለ ይጨምራል። መልመጃውን ደግሞ ላልታመሙትም አስገብቷል።

ይህ የሯጭ ብቻ ሕመም አይደለም። ሕክምናው መሃል ላይ ልጅቷ እናቷን ይዛ መጣች። ገበያ ላይ ቆመው የሚውሉ፣ አምሳዎቹ ውስጥ ያሉ እናት ናቸው፤ ለዓመት ያህል «ሪህ ነው» ተብለው ኖረዋል። ያው ነጥብ፣ ያው የጠዋት እርምጃ። መልመጃውን በሁለት እግራቸው፣ ግድግዳ ይዘው ጀመሩ። እንዲያውም ከሯጮች ይልቅ በብዛት የሚታመሙት በ40 እና በ60 ዓመት መካከል ያሉ ሰዎች ናቸው።

ቶሎ ሐኪም ማየት ያለበት ሰውም አለ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ተረከዙ ከግራና ከቀኝ ሲጨመቅ የሚያመው፣ እብጠት ወይም ትኩሳት፣ መደንዘዝ፣ የወር አበባ መቅረት ያለባት ሯጭ፣ የስኳር ሕመምተኛ። እነዚህ ሳይመረመሩ ደረጃ ላይ ወጥተው መልመጃውን እንዲሠሩ አልመክርም።

ሕፃናትም ሌላ ናቸው። ከ8 እስከ 14 ዓመት ያለ ልጅ ከተረከዙ ኋላ በኩል ካመመው፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ገና ያልጠነከረው የተረከዝ አጥንት ማደጊያ ነው። ለነሱ ሩጫና ዝላይ መቀነስ፣ ተረከዙ ለስላሳ የሆነ ጫማ ማድረግ እና ጊዜ መስጠት ይበቃል። ክብደት ተሸክመው እንዲሠሩ አላደርግም፤ ስቴሮይድ መርፌም አያስፈልጋቸውም።